ውሃ ልክ የሌለው ሠዓሊ

ሥዕል ፊት ቆሞ «አልገባኝም» ለማለት የሚጠይቀው ድፍረት፣ አንበሳ ፊት ለመቆም ከሚጠይቀው ይበልጣል። አንበሳው ቢያንስ ምን እንደሚፈልግ ይታወቃል። ሦስት ቀይ ካሬና አንድ ጥቁር መስመር ግን ምን ይፈልጋሉ? ይህን ለማወቅ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሬያለሁ። አላወቅሁም፤ ሳያውቁ ሃያ ገጽ መጻፍ ግን ተክኜበታለሁ። ያልሆነልኝ መናገር ነው። ሰው ፊት ስቆም ምላሴ ይተሳሰራል።

እዚህ ቶሮንቶ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ያለች አንዲት ትንሽ ጋለሪ አስጎብኚ ፈልጋ ለሙከራ ጠራችኝ። ስንት ወር ሥራ ፈልጌ ያገኘሁት የመጀመሪያ ጥሪ ነው። አክስቴ ይህን ስትሰማ፣ ብቻሽንማ አትሄጂም፣ ሰው ይዘሽ ሂጂ አለች። ኢንተርቪው እንጂ ሽምግልና አይደለም ብላት ማን ሰምቶኝ! ጎረቤታችንን ጋሽ ታደለን አስከተለችብኝ። ጋሽ ታደለ ዕድሜያቸውን የቶሮንቶን መታጠቢያ ቤቶች ሴራሚክ ሲያነጥፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ከረቫት አስረው መጡ።

የጋለሪው ባለቤት ሥዕሉ ፊት አቆመችኝና ጀምሪ አለችኝ። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ደግሜ ጠረግሁ። በሦስተኛው ጋሽ ታደለ አላስቻላቸውም። ጠጋ አሉ፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ፣ ከዚያ በአማርኛ፣ «ይሄ ሰውዬ ውሃ ልክ የለውም እንዴ? ሁለተኛው ካሬ ተዛንፏል እኮ!» አሉ።

ሴትየዋ ምን እንዳሉ ጠየቀችኝ። ታዲያ እንዲህ ያለውን እንዴት ብዬ ልንገራት? ሠዓሊው ከፍጹምነት ጋር የገጠመውን ጸጥ ያለ ጠብ እያዩ ነው አልኳት። ያ ሁሉ እንግሊዝኛ የት ተደብቆ እንደኖረ እንጃ! የሌላ ሰው ሐሳብ ነው ሲባል ዓይን አፋርነቴ ብን ብሎ ጠፋ።

«ጥጉን ሳይጨርስ ምሳ ሄዷል» አሉ። ባዶው ቦታ የጎደለብንን ሁሉ ያስታውሳል አልኩ።

«እኔ አለቃው ብሆን አስነቅዬ እንደ አዲስ አሠራው ነበር» ሲሉ ደግሞ፣ ያልፈረሰ አይታደስም እያሉ ነው አልኩ። ሴትየዋ እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

በማግስቱ ደወለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሥዕል እንዲተነትኑ የተቀጠሩት ጋሽ ታደለ ናቸው። እኔም ተቀጥሬያለሁ፤ የእሳቸው አስተርጓሚ ሆኜ።

ሥራውን ወደውታል። ቅር የሚያሰኛቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ቅዳሜ ወደ ቤት ስንመለስ ባቡር ውስጥ ቆጣ ብለው፣ «ልጄ፣ እኔ ሁለት ቃል ስናገር አንቺ ምን ታስረዝሚዋለሽ? እንዳልኩት አድርገሽ ንገሪያቸው እንጂ! ኋላ ከሥራችን ታስባርሪናለሽ» አሉኝ።