ሾርባዬ በረደ

ወሬው ከማለዳ ጀምሮ ሺራዝን አዳርሷል። ባለ መድኃኒት ቤቷ ታጅማህ ኻኑም፣ እመቤት ታጅማህ እንደማለት ነው፣ ፋሉዴ ሻጩን ቦርዙን በግጥም አሰናበተችው ነው የሚባለው። ያውም በጋዜጣ! ያውም ዛሬ፣ አበባና ጣፋጭ ይዞ፣ ታላቅ እህቱን አስከትሎ፣ አግቢኝ ሊላት በሚሄድበት ቀን! ዳቦ ቤቱ ሰልፍ ላይ አራት ስንኝ የነበረው ግጥም ገበያው ጋ ሲደርስ ትልቅ መጽሐፍ አክሏል፤ ሐማሙ፣ የሕዝብ መታጠቢያው ጋ ሲደርስ ደግሞ ዜማ ወጥቶለታል።

ቦርዙ ወሬውን አላመነም። ሳያምን እንዲቀር ግን የሚተወው አላገኘም። ሱፉን ግጥም አድርጎ ለብሶ፣ አበባውን ታቅፎ፣ ከገዛ ሱቁ መውጣት አቅቶታል። በሩ ላይ አጋ ፋራማርዝ፣ የጡረታ የሥነ ጽሑፍ መምህር፣ ወንበር ዘርግተው፣ ያን እንደ ክር የቀጠነ በረዶማ ፋሉዴ በሎሚ እያጣጣሙ ተቀምጠዋላ!

ቦርዙ፦ እኔ እሄዳለሁ አጋ ፋራማርዝ። ግባ ብላኛለች።

ፋራማርዝ፦ ተቀመጥ! ግባ ማለት አትግባ ማለት ነው። እዚህ አገር ተወልደህ ይህን አታውቅም?

ቦርዙ፦ እሺ፣ አትግባ ለማለትስ ምን ይባላል?

ፋራማርዝ፦ ጨዋ ሰው አትግባ ይላል እንዴ? ግባ ነው የሚለው።

ቦርዙ፦ የምር ግባ ለማለትስ?

ፋራማርዝ፦ እሱም ግባ ነው። ልዩነቱ ረቂቅ ስለሆነ አንተ አይገባህም። ለመሆኑ ቃል በቃል ምን አለችህ?

ቦርዙ፦ ከእህቴ ጋር ልምጣ ወይ ብላት፣ “ቤቱ የራስዎ ነው፤ እግርዎ ዓይኔ ላይ ይረፍ” አለችኝ።

ፋራማርዝ፦ ይኸው! ባዶ ጨዋነት! ይህ እኮ ቆጣሪ ለሚያነበውም ሰውዬ ይባላል።

ቦርዙ፦ እኔማ ዓይኗን እንዳላሳምማት ብዬ ለስላሳ ጫማ ገዛሁ።

[አንድ እግሩን አንስቶ ያሳያል። ፋራማርዝ ግንባራቸውን ይይዛሉ።]

ፋራማርዝ፦ ጌታዬ ሆይ! ይህን ሰው ያስተማርኩት እኔ ነኝ?

ቦርዙ፦ አስተማሩኝ እንኳ አይባልም፤ ጣሉኝ እንጂ።

[ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይጮኻል።]

ቦርዙ፦ እህቴ ናት። መኪና ውስጥ ሆና እየጠበቀችኝ ነው።

ፋራማርዝ፦ ረጅም ነው አጭር የነፋችው?

ቦርዙ፦ መካከለኛ።

ፋራማርዝ፦ መካከለኛ! አየህ፣ እሷም ጥርጣሬ ገብቷታል። በል ግጥሙን ልፍታልህና ቁርጥህን እወቅ።

[ጋዜጣውን ዘርግተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ መንገደኛው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው ያነባሉ።]

አንደበትህ ማር ነው፣ ጆሮህ ግን የድንጋይ፣
ሾርባዬ በረደ ጨረቃህን ስታይ።
በሩ ወለል ብሎ ቁልፍ ፍለጋ ሄድክ፣
ጠል አጠገብህ ናት፣ ዝናብ እየጠበቅክ።

ቦርዙ፦ ደስ ይላል። ግን የታጅማህ ስም የታለ?

ፋራማርዝ፦ “ጠል” ያለችው የብዕር ስሟ ነው። ባለቅኔ በወጉ ስሙን መጨረሻው ቤት ላይ ይሸጉጣል። ጠል ምንድን ነው? ጠብታ። የዓይን ጠብታ የሚሸጥ ማን ነው?

ቦርዙ፦ [ፊቱ እየገረጣ] መድኃኒት ቤት።

ፋራማርዝ፦ አበቃ! አሁን ወደ አንተ እንምጣ። “አንደበትህ ማር ነው።” ጣፋጭ ሻጩ ማን ነው?

ቦርዙ፦ እኔ ነኝ፤ ግን ፋሉዴ ውስጥ ማር አልጨምርም። ስኳር ነው።

ፋራማርዝ፦ ስኳር ለግጥም አይሆንም! “ጆሮህ ግን የድንጋይ።” ይህስ ማን ይመስልሃል?

ቦርዙ፦ ምን አሉኝ?

ፋራማርዝ፦ አየህ!

ቦርዙ፦ ቆይ፣ ሾርባው ጋ ግን ነፃ ወጣሁ። እኔ ሾርባ አልሠራም።

ፋራማርዝ፦ በረዶ የሆነ ሾርባ ምን ይባላል? ፋሉዴ!

ቦርዙ፦ ፋሉዴ ማለት ከፈለገች ፋሉዴ አትልም ነበር?

ፋራማርዝ፦ እንዲያ ካለችማ እኔ ምን ሥራ አለኝ? ጨረቃ ደግሞ የሴት ፊት ናት። ሌላ ሴት ያያል ብላ ጠርጥራሃለች።

ቦርዙ፦ ኧረ በነቢዩ! ሰሞኑን እዚህ የመጣች ሴት ባለቤትዎ ኖስራት ኻኑም ብቻ ናት። “ምሳ ደርሷል በለው” ብላኝ ነግሬዎት አልነበር?

ፋራማርዝ፦ መቼ?

ቦርዙ፦ ትናንት። ከትናንት በስቲያም።

ፋራማርዝ፦ ስለ ጨረቃ ምሥጢር እያብራራሁ ስለነበር አልሰማሁህ ይሆናል። አታቋርጠኝ! ይልቅ ግጥሙ ውስጥ ያለው ሰውዬ ምን ዓይነት ጉድ እንደሆነ ታየህ? ሲለፈልፍ የሚውል፣ የማይሰማ፣ አጠገቡ ያለችው ሴት የማትታየው ግንዲላ! በዕድሜዬ እንዲህ ተስሎ የቀረበ ደደብ አንብቤ አላውቅም።

ቦርዙ፦ እንደዚህ ነኝ?

ፋራማርዝ፦ ቁርጥ አንተን!

ቦርዙ፦ ግን በሩ ወለል ብሏል ትላለች። ክፍት ከሆነ እኮ መግባት ነው።

ፋራማርዝ፦ በግጥም ውስጥ ክፍት በር ማለት የተዘጋ ነው።

ቦርዙ፦ የተዘጋስ?

ፋራማርዝ፦ የተዘጋማ ተዘግቷል። በር ይቀልዳል እንዴ?

[ቦርዙ ላብ ላብ ይለዋል። የሚያደርገው ቢያጣ ከመደርደሪያው ላይ የጥንቱን ባለቅኔ የግጥም መጽሐፍ ያወርዳል፤ ጭንቅ ሲመጣ በየቤቱ እየተገለጠ ፋል የሚወጣበትን ማለት ነው። ዓይኑን ጨፍኖ፣ በጣቱ ዳብሶ ይገልጣል።]

ፋራማርዝ፦ ምን ወጣልህ?

ቦርዙ፦ ምንም አልተጻፈበትም። ነጭ ገጽ ነው።

ፋራማርዝ፦ ወይኔ ልጄ! ባለቅኔው ራሱ ጉድህን አይቶ ቃል አጠረው።

ቦርዙ፦ እኔ ደግሞ እንደ አዲስ ጀምር ያለኝ መስሎኝ...

ፋራማርዝ፦ አይምሰልህ!

[ጥሩምባው አሁን ሳያቋርጥ ይጮኻል። ቦርዙ አበባውን ያየዋል፤ አበባውም የጠወለገ መሰለው።]

ቦርዙ፦ በቃ። እህቴን ወደ ቤት ትመለስ ልበላት። ጣፋጩንም እርስዎ ይውሰዱት።

ፋራማርዝ፦ አይገባም፣ አይገባም... የፒስታሽ ለውዝ ነው?

[ታጅማህ ኻኑም ዘው ብላ ትገባለች። ሴት የጋብቻ ጠያቂዋን ፍለጋ ከቤቷ ስትወጣ ሰፈሩ አይቶ ስለማያውቅ መንገደኛው ባለበት ደርቆ ቀርቷል።]

ታጅማህ፦ ምን ሆነው ነው የቀሩት? ሻዩ ፈልቶ ፈልቶ ሊያልቅ ነው!

ፋራማርዝ፦ [ተነሥተው እጅ እየነሡ] እንኳን ደህና መጡ፣ ታላቋ ባለቅኔ!

ታጅማህ፦ የምን ባለቅኔ? እኔ በሕይወቴ የጻፍኩት “በደንብ ተነቅንቆ፣ ከምግብ በኋላ” የሚል ብቻ ነው።

ፋራማርዝ፦ በደንብ ተነቅንቆ... ከምግብ በኋላ... ሰው በመከራ ተንጦ፣ ዓለምን ከጠገበ በኋላ! እንዴት ያለ ጥልቀት ነው!

ታጅማህ፦ የሳል ሽሮፕ ነው።

ፋራማርዝ፦ [ጋዜጣውን እየዘረጉ] ታዲያ “ጠል” እርስዎ አይደሉም?

ታጅማህ፦ ጠልማ ባለቤትዎ ናት! ኖስራት። የራስ ምታት ክኒን ልትወስድ በመጣች ቁጥር ታነብልኛለች። “ስናገር አይሰማኝ፣ ጋዜጣ ግን አያመልጠውም፤ እስቲ እዚያ ላይ ይየኝ” ብላ ነው ያወጣችው።

[የፋራማርዝ ማንኪያ ከእጃቸው ወድቆ ድንጋዩ ላይ ይንቃጨላል። እህትየዋ እንኳ ጥሩምባዋን ትታለች።]

ፋራማርዝ፦ ግንዲላው... ደደቡ...

ቦርዙ፦ እርስዎ ነዎት ያሉት፤ እኔ አፌ አይደፍርም።

ፋራማርዝ፦ [ጋዜጣውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው] ቆይ፣ ቆይ። እና ኖስራት “ሾርባዬ በረደ” ስትል ምን ማለቷ ነው?

ቦርዙ፦ ሾርባዋ በርዷል ማለቷ ነው።

ፋራማርዝ፦ እንዲያው በደረቁ?

ቦርዙ፦ በደረቁ። አሁን ቢነሡ ታሞቅልዎታለች።

ፋራማርዝ፦ [ባርኔጣቸውን ገልብጠው ደፍተው፣ በሩ ላይ እየተመለሱ] ገብቼስ ምን ልናገር?

ቦርዙ፦ ምንም አይናገሩ። ቁጭ ብለው ይጠጡ፤ ከዚያ ይስሟት።

[ፋራማርዝ ሲሮጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ታዩ። ቦርዙ አበባውን እንደ ጋሻ ደረቱ ላይ ይዞ ከታጅማህ ጋር ፊት ለፊት ይቀራል።]

ቦርዙ፦ ታጅማህ ኻኑም፣ አገሩ ግን ብዙ ይላል። በግጥም አሰናበተችው ይላሉ። አሾፈችበት ይላሉ። ሌላ ሴት ያያል ብላ ጠረጠረችው ይላሉ። ግባ ያለችውም ለጨዋነት ነው፣ ልቧ እምቢ ብሏል ይላሉ።

ታጅማህ፦ አልጻፍኩም። አላሾፍኩም። አልጠረጠርኩም። እምቢም አላልኩም። ግባ ያልኩህ ግባ ማለቴ ነው። አሁን ደግሞ ና እያልኩህ ነው፤ እሱንም የሚፈታልህ ሰው ልፈልግ ብትል፣ ያኔ የእውነት እምቢ!