የምዕራቡ አዋሳኝ

እናንተዬ፣ ጎረቤቶቻችሁን ቆጥራችሁ ታውቃላችሁ? እኔ የቆጠርኳቸው በደርግ ጊዜ፣ መተማ ላይ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ልሠራ ስነሳ ነው። የሣር ጎጆዬን ምስጥ በልቶ ጥሎት፣ ሚስቴና ሦስት ልጆቼ ራኩባ በምንለው የሸራ ዳስ ሥር ተጠልለው ነበር። ክረምቱ ሊገባ አንድ ወር ቀርቶታል። የቆላ ዝናብ ደግሞ ሲመጣ አንኳኩቶ አይገባም።

ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀ መንበሩ ያለ ፈቃድ ግንባታ እንደሌለ፣ ፈቃድም ያለ አራቱ አዋሳኞች ፊርማ እንደማይሰጥ ነገሩኝ። መሬቱ የእኔ አይደለም፣ የጎረቤቶቼም አይደለም፤ በአዋጅ የመንግሥት ሆኗል። የማናችንም ባልሆነ መሬት ላይ ግን ሁላችንም እንፈርም ተባለ። ደግ ነው። ምክክር ማን ይጠላል?

በሰሜን እትዬ አበራሽ ናቸው። የክዳኔ ጠፈጠፍ የማሽላ ጉድጓዳቸው ላይ እንዳይወርድ አስምለውኝ ጣታቸውን አተሙ። በደቡብ ልብስ ሰፊው ጫኔ ነው። ጫኔ ብዕር ሲያይ ላብ ያጠምቀዋል። ባለፈው ሳያነብ የፈረመው ወረቀት አብደራፊ ድረስ ሰሊጥ ሊያጭድ "በፈቃዱ" አዝምቶታል። የኔን ሦስት ጊዜ አስነብቦ ፈረመ።

በምሥራቅ የሚያዋስነኝ ራሱ ቀበሌው ነው፤ የእስረኛ ክፍሏ ከአጥሬ ጥግ ናት። ሊቀ መንበሩ እንደ ጎረቤት ፈረሙና እንደ ሊቀ መንበር ወረቀቱን ተቀበሉኝ። አገላብጠው አዩት።

"ምዕራቡስ?"

በምዕራብ ደረቁ ወንዝ እንደሆነ፣ ከዚያ ማዶ ሱዳን እንደሆነ አስረዳሁ።

"ቅጹ አራት ነው የሚለው!" አሉኝ።

ድሮ "ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ" ይባል ነበር። ንጉሡ ወረዱ፣ ቅጹ ተተካ።

በማግሥቱ ወንዙን ተሻገርኩ። ማዶ ላይ ሐጂ ኢድሪስ የሚባሉ ሽማግሌ ግመሎቻቸውን ከጉድጓድ ያጠጣሉ። ጉዳዬን ስነግራቸው ሳቃቸው አላስጨርስ አለኝ። "ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ለልጆችህ ቤት ልትሠራ እኔን ታስፈቅዳለህ? ኸላስ፣ በቃ ሥራ!" ብለው ፈረሙ። ሻይም አጠጡኝ። "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል" ብሎ የተረተው ሰው ፊርማ ለቅሞ አያውቅም መሰለኝ።

እየበረርኩ ቀበሌ ደረስኩ። ሊቀ መንበሩ የዓረብኛውን ፊርማ በጣታቸው እየተከተሉ ከየት እንዳመጣሁት ጠየቁኝ። ከማዶ አልኳቸው፤ ኩራትም ሳይሰማኝ አልቀረም።

"ያለ ይለፍ ወረቀት ድንበር ተሻግረህ?"

እዚያችው ከአጥሬ ጥግ ያለችው ክፍል ገባሁ። በግድግዳዋ ስንጥቅ ራኩባዬ ይታየኛል። ልጆቼ ደመናውን እያዩ ሸራውን ሲወጥሩ አየሁና አለቀስኩ። ይቺን እንኳ ቀልድ አላደርጋትም።

በሳምንቱ ሊቀ መንበሩ ብዕር ይዘው መጡ። እስረኛ በዝቶ ክፍሉ ስለ ጠበበ፣ በምዕራብ በኩል ሁለት ክፍል ሊጨመር ነው አሉ።

"የምዕራቡ አዋሳኝ አንተ ነህ። ፈርምና ዛሬውኑ ውጣ።"

"ጓድ ሊቀ መንበር፣ በምዕራብ በኩል እኮ ያለው የኔ ቦታ ነው" አልኩ።

"ለዚያ አይደል እንዴ የምናስፈቅድህ!" ብለው ተቆጡ።

ፈረምኩ። ሚስቴንና ልጆቼንም እትዬ አበራሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ አስጠጉልኝ። በቦታዬ ላይ ግን ዝናቡ ሳይመጣ፣ ልክ እንደተመኘሁት፣ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ቆመ። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ነው።