ያልተቆለፈው መኝታ ቤት

በየትኛውም ሲኒማ ቤት ውስጥ ፊልሙን ከሠሩት ሰዎች በላይ የሚያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። እናንተም ታውቁታላችሁ። ከኋላችሁ ካልሆነ ከጎናችሁ ነው፤ ከጎናችሁም ካልሆነ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እናንተው ናችሁ። መብራቱ እንደጠፋ ጉሮሮውን ይጠርጋል። በአሥረኛው ደቂቃ «ገዳዩ ይሄ ነው፤ አትድከሙ» ይላል። ገዳዩ ሌላ ሰው ሆኖ ሲገኝ ደግሞ አያፍርም። «ደራሲው አላወቀበትም እንጂ መሆን የነበረበት እኔ ያልኩት ነው» ብሎ ኮፍያውን አንስቶ ይወጣል።

የዚህ ወገን አለቃ፣ የጨለማ አዳራሾች የበላይ ተቆጣጣሪ፣ ክቡር መርማሪው ናቸው። «መርማሪው» የሚለውን ማዕረግ የሰጣቸው መንግሥት አይደለም፤ የሰፈሩ ሲኒማ ቤት ሦስተኛ ረድፍ ነው። በመታወቂያቸው ላይ የተጻፈው ሙያ ቁልፍ ቀራጭ ነው። ሱቃቸው በጫማ ጠጋኝና በፎቶ ኮፒ ቤት መካከል የተሰነቀረች፣ ስፋቷ ከበሯ የማይበልጥ ነገር ናት። ደንበኛ ሲገባ እሳቸው መውጣት አለባቸው። ግድግዳው ላይ ያልተቀረጹ ቁልፎች በየዓይነታቸው ተንጠልጥለዋል፤ ማሽኑ ሲነሳ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ አብሮ ይጮሃል። እዚያች ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቁልፍ ሲቀርጹ፣ የተሰበረ ሲያወጡ፣ ቁልፍ ለጠፋበት ሰው በር ሲከፍቱ ኖረዋል።

ሠላሳ አንድ ዓመት በር ሲያይ የኖረ ሰው ፊልም ላይም የሚያየው በር ነው። ተዋናይዋ በእንባ ስትታጠብ እሳቸው የሚመረምሩት የተደገፈችበትን እጀታ ነው። «ፊቷን ተዉት፤ በሩን እዩት!» ይላሉ። አንድ ጊዜ የጦርነት ፊልም ላይ ከተማ ሙሉ ሲነድ፣ ሰው ሁሉ መሐረቡን አውጥቶ ሲያለቅስ፣ ክቡርነታቸው ያሳዘናቸው በተቃራኒ የተገጠመ የበር ማጠፊያ ነበር። ሌላ ጊዜ ዋናው ተዋናይ የባንክ ካዝና ላይ ጆሮውን ለጥፎ በአርባ ሰከንድ ሲከፍተው፣ ብድግ ብለው ወደ ሕዝቡ ዞሩና ፍርድ ጠየቁ። «በሉ እስቲ፣ እናንተ ሰው አይደላችሁም? ይሄ ይሆናል?» የመናፍስት ፊልም ሲያዩ ደግሞ መንፈሱ ግድግዳውን ሰንጥቆ ገባ። አዳራሹ በፍርሃት ጮኸ። ክቡር መርማሪው ብቻ በኀዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይሄ እንግዲህ ሙያ መናቅ ነው» አሉ።

ከጎናቸው የምትቀመጠው ሚስታቸው ናት። እሷ ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ናት። የምትኖረው በዝምታ ነው፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ አራት መቶ ተማሪ በአንዲት «ዝም!» ታስቀምጣለች። ድምፅዋን የሰማ ልጅ ወንበር መጎተቱን ትቶ ተሸክሞት ይሄዳል ይባላል። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ግን በሃያ አራት ዓመት ትዳር ውስጥ ዝም ማሰኘት ያቃታትን ብቸኛ ፍጡር ይዛ ሲኒማ ትገባለች። የአንድም ፊልም መጨረሻ በወጉ ሰምታ አታውቅም። ማን እንደሞተ እስከ ዛሬ ያላወቀችው ሁለት ፊልም አለ።

ታዲያ ለምን አብራው ትሄዳለች? ከቅዳሜ በቀር ምን አላቸው! በሌላው ቀን እሱ የናስ ብናኝ ለብሶ፣ እሷ አቧራ ጠግባ ይገባሉ፤ ስለሚያንጠባጥበው ቧንቧ ጥቂት ይነጋገራሉ፤ ይተኛሉ። ቅዳሜ ግን ጸጉሩን አበጥሮ ክንዱን ይሰጣታል። ይችን ቅዳሜ በምንም አትለውጣትም፤ እሱ ባይናገርባት ደግሞ ይበልጥ ደስ ይላት ነበር።

ነገሩን የቀሰቀሰችው ታናሽ እህቷ ናት። ጸጉር ሠሪ ናት፤ ሁለቴ አግብታ ሁለቴ ስለፈታች በትዳር ጉዳይ የቤተሰቡ ባለሙያ እሷ ናት። የእነ እህቷ የጋብቻ በዓል ሲደርስ ሁለት ቲኬት ይዛ መጣች።

«እትዬ፣ እናንተ እኮ እንደ ባልና ሚስት ሳይሆን እንደ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች ነው የምትኖሩት።»

«ምን አደረግን ደግሞ?»

«ምንም! ምንም ስለማታደርጉ ነዋ!»

ቲኬቱ ላይ አንድ አልጋ፣ አንድ ሽጉጥና ዓለም የሚያውቃቸው አራት ፊቶች ነበሩ። ከታች «ለአዋቂዎች ብቻ» ይላል።

«ምንድነው ይሄ?»

«መድኃኒት ነው። ፍቅርም አለበት፣ ግድያም አለበት።»

«የትኛው ነው ለእኛ የታዘዘው?»

«እንደ ጋሼ አያያዝ ነው» አለች እህት። «ብቻ አፉን ይዝጋልሽ። ሰው በዚህ ዓይነት ፊልም ላይ ስለ ማጠፊያ ያወራል?»

ቤተ መጻሕፍት ጠባቂዋ ያን ቀን ማታ ባሏን ፊት ለፊት አስቀመጠችው።

«ስማኝ። ቅዳሜ አንዲት ቃል ከተናገርክ፣ ከእንግዲህ ሲኒማ የሚባል ነገር የለም። አንተ ብቻህን ትሄዳለህ፤ እኔ ቤቴ እቀመጣለሁ።»

ክቡር መርማሪው የሚስታቸውን ፊት አዩት። ለወትሮው በር ብቻ የሚያዩት ሰው ፊት ሲያዩ፣ ነገሩ የምር መሆኑ ገባቸው።

«ብስልስ?»

«ሳል ይፈቀዳል።»

«አንዲት ቃል?»

«አንዲት።»

ማሉ።

ቅዳሜ ደረሰ፤ ፊልሙ ተጀመረ። ባለጸጋ ሚስት፣ ጠበቃ ባል፣ ሠዓሊ ውሽማ፣ አንዲት ቆንጆ ፖሊስ። ገና ከመነሻው የቤቱ ሹፌር ተገድሏል፤ ማን እንደገደለው ለማሰብ ጊዜ ያለው ሰው ግን የለም፣ ሁሉም ልብሱን በማውለቅ ላይ ነው። ሠዓሊው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሸሚዙን አራት ጊዜ አወለቀ፤ መቼ መልሶ እንደሚለብሰው አልታየም። ሚስቲቱ መኝታ ቤቷ ውስጥ ስልሳ ሻማ አብርታለች፤ በየቀኑ ማን እንደሚለኩሳቸው እግዜር ይወቅ። ፖሊሷ ሬሳው ፊት ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች። አራቱ ዝነኞች እኩል ትከሻ፣ እኩል ጀርባና እኩል እንባ ሊደርሳቸው የተዋዋሉ ይመስላል። ሲሳሳሙ እንኳ አይተያዩም፤ እያንዳንዱ ፊቱን ወደ መብራቱ ማዞሩን ነው የሚያረጋግጠው።

የመርማሪው ሚስት ልቧ እንዲመታ ጠበቀች። አልመታም። ምናልባት እኔ ነኝ የደረቅኩት ብላ ራሷን ጠረጠረች። እጇን ሰደድ አድርጋ የባሏን ክንድ ነካችው። ብረት ሆኗል። ሰውየው ሁለት እጁን ጭኑ ሥር ቀብሮ፣ ኮፍያውን በጥርሱ ነክሶ፣ ከራሱ ጋር ትግል ይዟል።

ከኋላቸው የሚቀመጡ አንድ ጡረተኛ ነበሩ። ለዓመታት ቲኬት ሲቆርጡ «መርማሪው የት ነው የተቀመጠው?» ብለው የሚጠይቁ፣ ፊልሙን ትተው እሳቸውን የሚሰሙ ሰው ናቸው። ዛሬ ግራ ገባቸው። ወደ ፊት አዘነበሉና በሹክሹክታ፣

«ወንድሜ፣ በሰላም ነው? አሞህ ነው?» አሉ።

ክቡርነታቸው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ጡረተኛው «አቤት፣ ምን ዘመን መጣ!» ብለው ወንበራቸው ላይ ወደቁ።

እሷ ያን ጊዜ ነው ነገሩን ያየችው። በሩን።

ሚስቲቱና ሠዓሊው መኝታ ቤት ገቡ፤ ባልየው ምድር ቤት ውስጥ ተቀምጦ ፋይል ያነብባል። ሠዓሊው በሩን በተረከዙ ገፋ አደረገው። ቁልፉ ከውስጥ በኩል ተሰክቶ ያብለጨልጫል። አሁን ያዞረዋል አለች ከወንበሯ ሆና በልቧ። አላዞረም። ሸሚዙን አወለቀ። በማግስቱም ሚስቲቱና ሠዓሊው ገቡ፤ ባልየው ሳሎን ድረስ መጥቷል። አሁንስ አለች ተመልካቿ። ስልሳውን ሻማ አልፈው አልጋው ላይ ወጡ። በሦስተኛው ቀን ባልየው ሽጉጡን ከመሳቢያ አወጣ፤ ደረጃውን መውጣት ጀመረ፤ ሙዚቃው አጉረመረመ። ሁለቱ የዓለም ውቦች ትራስ ላይ ይንከባለላሉ፤ እሷ በሩን ታያለች። ቁልፉ እዚያው ነው። እጅ ቢዘረጉ ይደርሱበታል።

«ቆልፉት እንጂ!»

አራት መቶ ተማሪ የሚያስቀምጠው ድምፅ ነው። ከፊታቸው ያሉት ሁለት ረድፎች በሙሉ ዞሩ።

«ቁልፉ ተሰክቶ! ሰው ባል እያለው በር ሳይቆልፍ ይተኛል?»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፤ ከዚያ ረድፉ ሙሉ፤ ከዚያ አዳራሹ። ጡረተኛው «እሰይ! ምን አለ ቀድሞውኑ ብትናገሪ!» እያሉ ወንበር መቱ። ባልየው ሽጉጡን ደግኖ መኝታ ቤቱ ሲገባ ማንም አልሰማውም። አስተናጋጁ ባትሪውን እያበራ ወደ ሦስተኛው ረድፍ ገሰገሰ፤ ብርሃኑን እንደ ልማዱ ክቡር መርማሪው ፊት ላይ ተከለው።

«ጋሼ፣ ዛሬም?»

ክቡር መርማሪው ኮፍያቸውን ከአፋቸው ሳያወጡ ጣታቸውን ወደ ሚስታቸው ቀሰሩ።

«እሳቸው?!» አለ አስተናጋጁ።

እሷ ቦርሳዋን አንስታ፣ በሰው ጉልበት ላይ እየተደናቀፈች ወጣች። እሳቸውም ተከተሉ።

ውጭ ፀሐይ ነበር። መንገደኛው ይተላለፋል። ክቡርነታቸው አሁንም አልተናገሩም፤ እሷ ፊቷ እንደ ፍም ቀልቷል።

«በቃ ተናገር! ልትፈነዳ እኮ ነው!»

ኮፍያቸውን ከአፋቸው አወጡ። ረጅም ትንፋሽ ለቀቁ። እሷ ስለ ማጠፊያው፣ ስለ እጀታው፣ ስለ ገዳዩ ሊወርድባት ያለውን ናዳ ለመቀበል ትከሻዋን አመቻቸች። እሳቸው ግን ቀስ ብለው ነው የተናገሩት።

«እኔን ስንቱ ሰው በር አስከፍቶኛል መሰለሽ። ባሏን የጠረጠረች፣ ሚስቱን የጠረጠረ። መሣሪያዬን ይዤ እንበረከካለሁ፤ ከኋላዬ ቆመው ሲተነፍሱ እሰማለሁ። ከውስጥ ደግሞ ሁለት ጊዜ የተቆለፈ ነው። ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነው። እንዲያውም ወንበር የደገፉበት አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እከፍትና ፊቴን አዙሬ እሄዳለሁ።»

«ለእኔ ነግረኸኝ አታውቅም!»

«የሰው ገመና ነው፤ ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ቀና ብላ አየችው። ሠላሳ አንድ ዓመት! አንድ የተንጋደደ ማጠፊያ አይቶ ዝም ማለት የማይችል ሰው፣ ይሄን ሁሉ ይዞ ኖሯል።

«ፊልሙ ለምን እንዳስጠላሽ ልንገርሽ?» አሉ ክቡር መርማሪው፤ ድምፃቸው ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው። «የሚያጣው ነገር ያለው ሰው ይፈራል። የሚፈራ ሰው ይቆልፋል፤ ሲቆልፍ እጁ ይንቀጠቀጣል። ነገሩ ያለው እዚያች እጅ ላይ ነው። እነዚያ ሰዎች ግን ምን ያጣሉ? ሸሚዝ እንኳ ቢያጡ ሌላ ይመጣላቸዋል። አራት ዝነኛ ሰብስበው አንድ ሰው አላስፈሩም! ደግሞ አይተሻል አይደል፣ ማጠፊያው...»

«በተቃራኒ ነው የተገጠመው» አለች።

ክቡርነታቸው ቆሙ። ሃያ አራት ዓመት ሙሉ እንዲህ ያለ ነገር ነግራቸው አታውቅም።

«የሹፌሩ ገዳይስ?» አሉ እየተጠነቀቁ።

«ጠበቃው ነዋ! ሲገባ ጫማውን አላየኸውም?»

ከዚያ ወዲያ መንገዱን ሙሉ ተሻምተው ሲያወሩ ሰው ዞሮ አያቸው። የፎቶ ኮፒ ቤቱን ሲያልፉ ክቡርነታቸው ድንገት ኮስተር አሉ።

«ግን ቃል ቃል ነው። የተናገርሽው አንቺ ነሽ። ከእንግዲህ ሲኒማ ብቻዬን ነው የምሄደው።»

«ብቻህን?»

ኮፍያቸውን አናታቸው ላይ ደፉ።

«አፍሽን የምትይዢ ከሆነ ግን ይታሰብበታል።»

የራሳቸው ቤት በር በጉልበት ከታች ቀና ተደርጎ፣ በትከሻ ተገፍቶ ነው የሚከፈተው፤ የደንበኛ ሥራ እየቀደመ ሃያ አራት ዓመት አልተጠገነም። ዘዴውን የሚያውቁት ሁለቱ ብቻ ናቸው። እሷ በጉልበቷ ቀና አደረገችው፤ እሱ በትከሻው ገፋው። ገቡ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው፤ ፀሐይ ወለሉ ላይ ተኝታለች። ቦርሳዋን ስታስቀምጥ ከኋላዋ ቁልፍ ሲዞር ሰማች። ከዚያ ሁለተኛ ጊዜ ዞረ።

«በጠራራ ፀሐይ ምን ልትሆን ነው የምትቆልፈው?»

«አንቺ አይደለሽ እንዴ አገር ምድሩ ፊት ቆልፉት ብለሽ የጮኽሽው?»

ልትስቅ ነበር፤ እጁን ስታየው ተወችው። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው በር የከፈተው እጅ፣ እጀታው ላይ እንደሆነ፣ ትንሽ ይንቀጠቀጣል።

ስልክ ጮኸ።

«ማን እንደሆነች ልንገርሽ? እህትሽ ናት፤ ፊልሙ እንዴት ነበር ልትል ነው። ገና ሳይጠራ ነው እኮ ያወቅኩት...»

«ዝም!» አለችው።

ዝም አለ።