የኢንጂነር ሀብተ ሥላሴ ማስተርስና የእትዬ አስካለ ፍሪጅ

በየሰፈሩ ማስተርሱን ሊጨርስ ትንሽ የቀረው አንድ ሰው አይጠፋም። መንደር ሲመሠረት መጀመሪያ ውሃ ይገባል፣ ቀጥሎ መብራት፣ ከዚያ እሱ። ውሃው ይቋረጣል፣ መብራቱ ይሄዳል፤ እሱ ግን አለ። «እህ፣ ጨረስክ?» ስትሉት «ትንሽ ናት የቀረችኝ» ይላችኋል። ትንሿም አብራው ታረጃለች።

ለኛ ግቢ፣ ለሰመራው፣ የደረሰን ክቡር ኢንጂነር ሀብተ ሥላሴ ነው። ማዕረጉን የሰጠነው እኛ ነን፤ ዩኒቨርሲቲው ገና እያሰበበት ነበር። የአዋሽ ሰባት ልጅ ነው፤ አባቱ ባቡር ጣቢያ ይሠሩ ነበር። ቀን ቀን አንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ከዚያ መልስ የኮምፒውተር ኔትወርክ ምሕንድስና ሁለተኛ ዲግሪውን ይማራል። ትምህርቱ ምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ጠይቄው ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አስረዳኝ። ሰመራ ላይ ሻይ ለመቀዝቀዝ ምን ያህል እንደሚፈጅበት የኖረበት ያውቀዋል።

ሰውዬው ማንኛውንም ነገር የሚከፍተው በአንዲት ቃል ነው፦ «ከታች እንጀምር።» ኔትወርክ ማለት እንደ ፎቅ ቤት ደርብ በደርብ የተሠራ ነገር ነው አሉ። ብልሽት ሲመጣ ከምድር ቤቱ፣ ከሶኬቱና ከገመዱ ተነስቶ ወደ ላይ መውጣት ነው ደንቡ። የኛ ሰው ታዲያ ይህን የመሰለ ሕግ ለማሽን ብቻ መተው ግፍ መስሎ ታየው።

የግቢው ባለቤት እትዬ አስካለማርያም ቴሌቪዥናቸው ጠፍቶ ሲያስጠሩት ሪሞቱን ዞር ብሎ አላየውም። መሬት ተንበረከከ።

«ከታች እንጀምር እትዬ። ሶኬቱ ተሰክቷል?»

«አሁን በኔ ዕድሜ ሶኬት መሰካት ያቅተኛል ልጄ?»

ሶኬቱ ተሰክቷል። ከሶኬቱ ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ ጓሮ በእምብርክኩ ሄደ። ጓሮ ያለው ዲሽ ላይ ፍየላቸው ተደግፋ ጀርባዋን ታካለች። «የመጀመሪያው ደርብ ችግር ነው» አለ እጁን እያራገፈ። ፍየሏ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሟ «የመጀመሪያው ደርብ» ሆኖ ቀረ።

ጎረቤቶቼ ደስታውና ንጋትወርቅ የተጣሉ ጊዜም ሽምግልና ገባ። ባልና ሚስቱን ፊት ለፊት አስቀምጦ ሕጉን ደነገገ፤ ኮምፒውተር ለኮምፒውተር መልእክት ሲልክ ተቀባዩ መድረሱን ያሳውቃል፣ ስለዚህ ማንም «ደርሶኛል» ሳይል መልስ መስጠት አይችልም።

«እህቴን ገላምጠሃታል» ብላ ንጋትወርቅ ጀመረች።

«ደርሶኛል» አለ ደስታው። «አልገላመጥኳትም፤ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ ገብታ ነው።»

«ደርሶኛል። ማታ ነበር።»

መጀመሪያ የሳቀው ደስታው ራሱ ነው። ጠቡ እዚያው አለቀ። ዛሬም ሚስቱ ሽንኩርት ግዛ ስትለው «ደርሶኛል» ይላል፤ ሽንኩርቱ ግን አይደርስም።

በመልእክት ሕግ ለሀብተ ሥላሴ አቻ የምትሆነው መዲና ብቻ ናት። በራችን ላይ ሱቅ ያላት የአፋር ሴት ናት፤ ዳጉ ሳትቀባበሉ ክብሪት አትሸጥላችሁም። ዳጉ አፋሮች ሲገናኙ ወሬ የሚለዋወጡበት ወግ ነው። ያየኸውን እንዳየኸው፣ የሰማኸውን ከማን እንደሰማህ ትናገራለህ፤ መጨመር ነውር ነው። ለኔ ብጤው እጅግ የከበደ ሕግ ነው።

ዘንድሮ እንግዲህ ነገር ከረረ። ሀብተ ሥላሴ በዚህ ወር መምህራን ፊት ቀርቦ ጽሑፉን ካልተከላከለ የተማረው ሁሉ ሊሰረዝ ሆነ። ካለፈ ደግሞ አዲስ አበባ ሥራ ይጠብቀዋል። ፈታኞቹ ያሉት ሩቅ ስለሆነ ዲፌንሱ በኢንተርኔት፣ በራሱ ክፍል ሆኖ፣ ለሐሙስ ከሰዓት ተቆረጠ። መዲና ለዳጉ ሰጠችው። ሎግያ የሚያድሩ የጅቡቲ መስመር ሹፌሮችና ዱብቲ ያለችው እህቷ ሳይቀሩ ሰዓቱን አወቁ፤ ቅንጣት አልተዛነፈም።

ሐሙስ ዕለት መስመሩ እንዳይጨናነቅ ብለን ግቢው በሙሉ ስልኩን አጠፋ። ደስታው እንኳ በስልኩ የሚያየውን ኳስ ተወ። ሀብተ ሥላሴ ከላይ ኮትና ከረባት፣ ከታች ሽርጥ አድርጎ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠ። እኛ በር ላይ፣ ምጥ እንደሚጠብቅ ዘመድ፣ ቆመናል።

ጥሩ ሄደ። ማብራራቱን ጀመረ፣ ሥዕሎቹን አሳየ፣ አንደኛው ፈታኝ ጥያቄ ሊጠይቁ አፋቸውን ከፈቱ፤ አፋቸው እንደተከፈተ ቀረ። መስመሩ ጠፋ።

የዚያን ሰው ፊት ብታዩ። ላፕቶፑን አጠፋ፣ አበራ። የይለፍ ቃሉን ደግሞ ደጋግሞ ጻፈ። ያልነበረ ነገር ከፍቶ የነበረውን ዘጋ። ላብ አጠመቀው፤ ከረባቱን እንደ ፎጣ ተጠቀመበት።

«አለቀልኝ» አለ። «ከላይ ነው ችግሩ፣ ከዋናው መስመር።»

ንጋትወርቅ ከበሩ ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ሀብቴ» አለችው። «ከታች እንጀምር።»

ዞሮ አያት። ከዚያ ተንበረከከ። ኢንተርኔቱን ለግቢው የሚያከፋፍለው ራውተር የሚቀመጠው እትዬ አስካለ ሳሎን ነው፤ በሽርጡ እየዳኸ ግቢውን አቋረጠ፣ እኛም ተከተልነው። ራውተሩ ቦታው ላይ የለም። ገመዱ ግን አለ፤ በሶፋው ጀርባ ዞሮ፣ ወጥ ቤት ገብቶ፣ ፍሪጁ በር ሥር ይጠፋል።

ከፈተው። ራውተሩ በቲማቲምና በወተት መሃል መብራቱን እያበራ ተቀምጧል።

«ሙቀት ነው የሚገድለው አላልከኝም?» አሉ እትዬ አስካለ። «እንዳይሞትብህ ብዬ እኮ ነው። አሁን በሩ እንዳልተዘጋ አይቼ ገጠም አደረግሁት።»

እሱ ሊመልስላቸው ሲል፣ ከወዲያ ማዶ ከክፍሉ «ሄሎ፣ ይሰማል?» የሚል ድምፅ መጣ። ብረት ውስጥ ታፍኖ የነበረው ሞገድ መውጫ አግኝቷል። ሀብተ ሥላሴ ራውተሩን ሊያነሳው እጁን ዘረጋ፣ ፈራና መለሰው። «እንዳትነኩት። በሩም እንዳይዘጋ» ብሎ ሽርጡን ሰብስቦ ሮጠ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ የበለጠ የተመቸን ቀን አልነበረም። ጓደኛችን ማዶ በእሳት ይፈተናል፤ እኛ የተከፈተ ፍሪጅ ፊት በርጩማ ደርድረን ቅዝቃዜ እንሞቃለን። እትዬ አስካለ ወተቱ ሳይበላሽ ብለው አደሉን። መዲና ሱቋን ዘግታ መጥታ ዐይኗን ጨፍና ነፋሱን ትቀበላለች። «ይኼ ልጅ ሲሄድ ማን ይሰበስበናል?» ያለችው እሷ ናት። ወተታችንን ጠጣን።

ሀብተ ሥላሴ ተመልሶ ሲመጣ ከረባቱ ኪሱ ውስጥ ነበር።

«እህ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«አለፍኩ። ግን ማስተካከያ አለው ብለውኛል። ብዙ ነው።»

«ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል?» አለች መዲና።

«ወራት ይወስድብኛል።»

«የአዲስ አበባውስ ሥራ?»

«እሱን ሳልጨርስ አይቀበሉኝም።»

እትዬ አስካለ እልልታቸውን አቀለጡት። ንጋትወርቅ ተቀበለቻቸው፣ ደስታው ቲማቲሙን አንስቶ ሳመው። ሀብተ ሥላሴ አንዴ እኛን፣ አንዴ ፍሪጁን ያያል።

«አልሐምዱሊላህ» አለች መዲና። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ ዓይኑን ሳታየው፣ «ስላለፍክ ማለቴ ነው» አለች።

እኔም ያጨበጨብኩት ለዚያው ነው።