በረከት የሸሸው ቧንቧ

የአሮጌ ቤት የኤሌክትሪክ መስመር እንደ ዘር ቆጠራ ነው፤ ማን ከማን እንደሚገናኝ በደንብ የሚያውቀው ሰው ሞቷል። ልደታ ያለው ቤታችንም ከዚህ አያመልጥም። አያቴ አንድ አምፖል አስገቡ፣ አባቴ ሶኬት ጨመረ፣ እኔም በተራዬ አሻራዬን አኑሬበታለሁ።

አንድ ጠዋት ጫማ ሳላደርግ የግቢያችንን ቧንቧ ብከፍት እጄን ነዘረኝ። ባለቤቴ ባለሙያ ጥራ አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ግን እንዲህ ያለ ምስጢር ለሌላ ሰው ተላልፎ ይሰጣል? ደግሞም ፈርቻለሁ። ጎረቤታችን እማማ በላይነሽ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ በየጠዋቱ እጅ እግራቸውን የሚታጠቡት ከዚሁ ቧንቧ ነው። ሰማንያ የተጠጋ ልብ ስንት ንዝረት ይችላል?

ወደ አብነት ሰፈር ወርጄ ኤሌክትሪክ ሲነካ የሚበራ ቴስተር ገዛሁ። ቧንቧውን ስነካበት በራ። ፍሪጁን ነቀልኩ፤ በራ። ቴሌቪዥኑን ነቀልኩ፤ አሁንም በራ። በመጨረሻ ቆጣሪውን አጥፍቼ ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሄደውን ሽቦ ፈታሁና መልሼ አበራሁት። ቧንቧው ጭጭ! ሽቦውን ብከተለው ከብረቱ የውሃ ቱቦ ጋር ተጠፍሮ ይሄዳል፤ መቀጠያው ላይ በናስትሮ ፈንታ ፌስታል ተጠቅልሎበታል፣ እሱም ተቀዳዷል። የትኛው ደንቆሮ ነው ይህን የሠራው ብዬ ጮህኩ። ባለቤቴ አንተ ነህ አለችኝ፤ የሠራሁበትን ቀን ሳይቀር ነገረችኝ።

ጥፋቴን አስተካክዬ በማግስቱ እማማን በኩራት ጠበቅኳቸው። መጡ፣ ቧንቧውን ያዙ፣ ለቀቁ፣ ደግመው ያዙ። ፊታቸው ጠቆረ። ለካ ነዘር ሲያደርጋቸው የእጃቸው ቁርጥማት ቀለል ይልላቸው ኖሯል! ኤሌክትሪክ ነበር፣ ሊገድልዎት ይችል ነበር ብላቸው፣ ኤሌክትሪክ ቢሆንማ መች እተርፍ ነበር፣ በረከት ነው እንጂ አሉኝ።

ከዚያ እሳቸውም በተራቸው ብልሽቱን ይፈልጉ ጀመር። ጾም ገድፌ እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አልገደፍኩም። ያላገባሁት ስእለት እንዳለ ጠየቁኝ፤ የለም። በመጨረሻ ደረሱበት፤ በረከት የሚሸሸው ባልና ሚስት የተኳረፉበትን ቤት ነው።

ከሰዓት በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ሊያስታርቁን መጡ። እኔ በመካከላችን ጠብ የሚባል ነገር የለም ብዬ ማልኩ። ሽማግሌዎቹ፣ እስቲ ከእሷም እንስማ ብለው ወደ ባለቤቴ ዞሩ። እሷም ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ «እሺ፣» አለች፣ «ከየቱ ልጀምር?»