ጁሱን የፈተሸው ጉንዳን

ጉንዳኑ "እጅ ወደ ላይ!" ሲል ጁሱ ሁለት እጁን አነሳ። ሕልም ነው የምነግራችሁ፣ ትናንት ከምሳ በኋላ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ያየሁትን። ቦታው የራሳችን ቤት በር ነው። አጎቴ ጋሼ ማንደፍሮ የስኳር በሽተኛ ነው፣ እግሩ ላይ ያለው ቁስል አልድን ብሎት እኛ ቤት ተኝቷል። ሐኪሙ "ስኳሩ ካልወረደ እግርዎ ያሰጋኛል" ብሎታል። እናቴም ስትወጣ "ጣፋጭ ነገር አፉ እንዳይገባ፣ አደራ!" ብላኛለች።

በሕልሜ ግን የተኛሁት እኔ ነኝ፣ ጋሼ አጠገቤ እስክስታ ይወርዳል። ምግቦቹ ደግሞ ነጠላ ምናምን ለብሰው ሊጠይቁኝ ተሰልፈዋል። ጉንዳኑ የጥበቃ ኮፍያውን አስተካክሎ ጁሱን ልክ ባንክ በር ላይ እንደሚፈተሽ ሰው ዳሰሰው።

"ምንድን ነህ?"

"ማንጎ ነኝ። ፎቶዬን አታይም?"

ጉንዳኑ ላስ አደረገው። "ፎቶህማ ማንጎ ነው። አንተ ግን ማንጎን በሩቁ ያየህ የስኳር ውሃ ነህ!"

ካቻፕ "እኔ እንኳን ቲማቲም ነኝ" አለ። ኪሱ ሲገለበጥ ስኳር ዝርግፍ! የፌስታሉ ዳቦም ብብቱ ሥር ስኳር ደብቆ ተያዘ። የእንጆሪ እርጎ "እኔኮ ለጤና ነኝ!" እያለ አለቀሰ።

"አንተስ?" አለው ጉንዳኑ ሽሮን።

"እኔ ጨው ብቻ ነው የያዝኩት።"

"ግባ ወንድሜ። እሱንም ቀንስ።"

ወዲያው አልጋዬ ታክሲ ሆነ። ጉንዳኑ በር ላይ ተንጠልጥሎ "ዓይን፣ ኩላሊት፣ እግር! የሞላ!" ይጣራል። የተያዘው ስኳር ሁሉ ተጋፍቶ ገባ። ትንሽ እንደሄድን ጁሱ ከኋላ ወንበር ጮኸ።

"እግር ላይ ወራጅ አለ!"

"እዛ አትውረድ! የጋሼ እግር ነው!"

በራሴ ጩኸት ነቃሁ።

"አንተ ልጅ፣ ምን ያስጮህሃል?" ጎረቤታችን እትዬ አሰገደች ናት። እሷ በሽተኛ ባዶ እጇን አትጠይቅም፣ ነውር ነው። ጁስ ገዝታ፣ ብርጭቆ ሙሉ ቀድታ፣ ጋሼ አፍ ላይ ልታደርስ ምንም አልቀራትም።

"እትዬ፣ ስኳር አለው እኮ!"

"ኧረ ወዲያ! ማንጎ ነው። ፎቶውን አታይም?"

ጋሼ አየኝ። እንግዳ እንዳታሳፍር የሚል አስተያየት ነው። ከዛ አፉን ከፈተ።

በሩ ጋ ሌሎች ጠያቂዎች ጫማቸውን እያወለቁ ነው፣ ሁሉም ፌስታል አንጠልጥለዋል። የሚፈትሻቸው ጉንዳን የለ። ያለሁት እኔ ነኝ። እስቲ በእናታችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ ብርጭቆውን ትነጥቋት ነበር?