የሙሴ ሮብሌ መንገድ

ምክርና ቡጢ ለሰጪው ይቀላል ይባላል። እውነት ነው፤ እኔ እስካሁን ምክር ሲሰጥ ያላበው ሰው አላየሁም፣ ያውም በጅቡቲ ሙቀት። የንግድ ሥራ ተማሪ ከሆናችሁ ደግሞ መካሪው ይበዛላችኋል። ጎረቤቱ፣ የእናታችሁ ጓደኛ፣ ሱቅ ከፍቶ የከሰረው ሰውዬ ሳይቀር «እንዲህ ብታደርግ ይሻልሃል» ይላችኋል። የከሰረውማ ይብሳል። ስለዚህ የሰው ደግነት በምክሩ አይለካም። በምን ይለካል ካላችሁኝ፣ ጅቡቲ ላይ የሚለካው በከሰዓት በኋላው ነው። እኩለ ቀን አለፍ ሲል ከኢትዮጵያ የመጣው ጫት ማዕከላዊ ገበያ ይደርስና ከተማው ሁሉ ጥቅሉን ይዞ ጥላ ፍለጋ ይገባል። ያንን ሰዓት ለእናንተ ብሎ የሚተው አስተማሪ ካገኛችሁ አጥብቃችሁ ያዙት።

ነገሩ የሆነው አዲሱ ባቡር ሳይመጣ፣ የኢትዮጵያ ጭነት ሁሉ በከባድ መኪና በሚጓዝበት ዘመን ነው። እኔ ሃያብለ በሚባለው ሰፈር አክስቴ ቤት እኖራለሁ። እናቴ ሃራሙስ ከሚኖሩ ፈረንሳዮች ቤት ተቀጥራ እዚያው እየሠራች እዚያው ታድራለች። አንድ ቀን እመቤቷን ተከትላ ባንክ ገብታ ነበር። ስትወጣ ያወራችው ስለ ገንዘቡ አይደለም፤ ስለ ቅዝቃዜው ነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ልጄ ባንክ ይገባል» የሚል ጸሎት ያዘች። እኛ ደግሞ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ከባንክና ከትራንስፖርት አንዱን መምረጥ ነበረብን። አንዴ ከተመረጠ መመለስ የለም።

የማኔጅመንት አስተማሪያችን ሙሴ ሮብሌ ይባል ነበር። ሙሴ ስላችሁ ባሕር የከፈለውን አይደለም፤ እኛ ጋ በፈረንሳይኛ የሚያስተምር ወንድ ሁሉ ሙሴ፣ ማለትም አቶ፣ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት በትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሳለ መኪናውን አጠገቤ አቁሞ በፈረንሳይኛ፣

«አንተ ለመሆኑ የትኛውን ዲሬክሲዮን ነው የምትይዘው?» አለኝ።

ዲሬክሲዮን አቅጣጫ ነው። ፀሐዩ አናቴን እየጠበሰኝ ስለነበር ሁለት ጊዜ አላሰብኩም።

«ሃያብለ፣ ሙሴ።»

አየት አደረገኝና በሩን ከፈተልኝ። «ግባ፤ መንገዴ ነው።»

ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ነው የጠየቀኝ ስለምመርጠው ትምህርት እንደነበር እየሳቀ የነገረኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። እሱ ግን ክፍል በነበረው ቀን ሁሉ እየጠበቀ ይወስደኝ ጀመር። ዕቃውን እስኪሰበስብ ድረስ የሂሳብ አስተማሪዋ ማዳም ፋጡማ አጠገቤ ቁጭ ብላ የተሰባበረ ፈረንሳይኛዬን ትጠግናለች። እሷም የምሳ ሰዓቷን ነው የምትሰጠኝ።

በመኪናው ውስጥ ምክር ጠበቅኩ። ባንክ ይበለኝ፣ ትራንስፖርት ይበለኝ፣ ብቻ አንዱን ይበለኝና ልገላገል ብዬ ነበር። ምንም አላለም። አንድ ቀን ግን «የማየው ሰው አለ» ብሎ ሃያብለን አልፎ ከባድ መኪኖቹ ወደሚቆሙበት ወደ ፔካ 12 ነዳ። እዚያ አንድ ሸበቶ ኢትዮጵያዊ ሾፌር ከመውጫው ተቆጣጣሪ ጋር ተፋጧል። ተቆጣጣሪው «ቦን?» ይላል። ሾፌሩ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ቦን!» ይላል። ያኛው ይናደዳል። ይኼኛው ይባስ ብሎ በትሕትና «ቦን፣ ቦን!» ይላል።

«ምን እያለ ነው?» አለኝ ሙሴ።

ወርጄ በእናቴ ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ አስረዳኋቸው። «ጋሼ፣ ደህንነትዎን እየጠየቀ አይደለም። ቦን የሚለው የመውጫ ወረቀቱን ነው።»

«ወረቀቱማ ይኸው!» ብለው ከኪሳቸው መዘዙት። «ታዲያ ወረቀት አይልም? እኔ እኮ ጥሩ ነው ወይ ሲለኝ ጥሩ ነው እያልኩ ከትናንት ጀምሮ ሰላምታ ስመልስለት! ለመሆኑ አንተ ልጅ፣ ቢሮህ የት ነው?»

ቢሮ! ጭነት የማስፈታ ሠራተኛ መስያቸዋለሁ፤ ገና ተማሪ ነኝ ማለት አቃተኝ። ዞር ብዬ ሙሴን ባየው፣ ምንም እንዳልሰማ ሰው በወዲያኛው መስኮት መኪና ይቆጥራል። የሚያየው ሰው ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። በማግስቱ ትራንስፖርት ብዬ ተመዘገብኩ።

እናቴ «ፀሐይ ላይ ልትሰጣ ነው ያስተማርኩህ?» ብላ አኮረፈችኝ። ኩርፊያዋ እስከ ምርቃቴ ቆየ።

በምርቃቱ ቀን ለማዳም ፋጡማ «ሙሴ የሰፈሬ ሰው መሆኑ በጀኝ» ብላት አፍጥጣ አየችኝ። «የምን ሰፈር? ኤሮን እኮ ነው የሚኖረው፣ የእኔ ጎረቤት ነው!»

ለማታውቁት፣ ኤሮን ባሕሩ ዳር ነው። ሃያብለ ከአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ማዶ፣ ፍጹም በተቃራኒው። ሰውዬው ያን ሁሉ ጊዜ ጓደኞቹ ጫታቸውን ይዘው ሲጠብቁት በዚያ ሙቀት ወንዙን ያሻግረኝና ባዶ መኪና ይዞ ይመለስ ነበር። በጣም ደነገጥኩ፤ በጣምም ደስ አለኝ።

ማታውን፣ ለምርቃቴ ፈቃድ ወስዳ አክስቴ ቤት ላደረችው እናቴ ነገርኳት። ኩርፊያዋን ረስታ ፈጠጠች።

«ቆይ፣ የገዛ ቤቱ በየት በኩል እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው አቅጣጫ ያስያዘህ?»

ሳቀች። ጠዋት ስነሣ ሳምቡሳ ጠብሳ፣ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ወደ ሃራሙስ ወደ ሥራዋ ልትሄድ በሩ ላይ ደርሳለች። ለሙሴ ነው አለችኝ። እኔ ላድርስለት ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«ተወው» አለችኝ። «ኤሮን መንገዴ ነው።»

አልነበረም።